አንድ ቅጽበት፣ ሁለት አቆጣጠር፦ የቀንና የሰዓት አያያዝ በሶፍትዌር



ገለጻዬን በምሳሌ ልጀምር። በኮልፌ ቀራንዮ የምትኖር አንዲት እናት ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የወለደችውን ሕፃን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። መዝጋቢዋ በኮምፒውተሩ ላይ «5/3/2017» ብላ ሞላች። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን ማርች 5 ቀን 2017 ብሎ ተቀበለ። ትክክለኛው ግን ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ነው። ሕፃኑ በመዝገቡ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ሆነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ቀጠሮም ያለፈበት ሆኖ ተቆጠረ።

ልጁ ጥቅምት 30 ቀን ቢወለድ ኖሮ ፕሮግራሙ «30/2» የሚለውን አይቀበልም ነበር፤ ፌብሩዋሪ 30ኛ ቀን የለውምና። ጳጉሜንንም 13ኛ ወር ስለማያውቅ ይመልሳት ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት ወዲያው ይታረማል፤ የሚያሰጋው በዝምታ የሚያልፈው ነው።

ሁለተኛው ችግር የሰዓት ነው። በስልክ የሚላክ «ቀጠሮዎ 3፡00 ነው» የሚል መልእክት ለአንዱ የጠዋት፣ ለሌላው የከሰዓት በኋላ ነው። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ስንልም ብዙ ጊዜ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለታችን ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ቀይሮታል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንድ ድርጊት የተፈጸመበት ቅጽበት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይቀመጥ። ብዙ ኮምፒውተሮች ሰከንድ የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ያለበት ሲጻፍና ሲነበብ ብቻ ነው። ስሌቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በመቀነስ አያበቃም፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር።

የልደት ቀን ግን ቅጽበት አይደለም። እንደ እኩለ ሌሊት ቅጽበት ከተቀመጠ፣ በዋሽንግተን የሚከፍተው ሰው የዋዜማውን ቀን ያያል። ስለዚህ ሰዓት ሳይታከልበት፣ የአቆጣጠሩ ዓይነት ተጠቅሶ ይቀመጥ።

በመጨረሻ፣ በቅጹ ላይ ወር በቁጥር ሳይሆን በስም ይመረጥ። «ኅዳር» የሚለውን ማርች ብሎ የሚያነብ የለም።