«ጥሩ ባክቴሪያ» በብልቃጥ፦ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የሰፈር ሰው መድኃኒት ይዞ ቤቴ መምጣቱን አልተወም። ድሮ የሚያሳዩኝ አንቲባዮቲክና የደም ግፊት ክኒን ነበር። አሁን አሁን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ አለዚያም ከፋርማሲ የተገዛ «ፕሮባዮቲክ» የሚል ብልቃጥ በዝቷል። ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነው፤ «ሲስተር፣ ለጨጓራዬ ይሆነኛል?»

ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና ጥቅም የሚሰጥ፣ ሕይወት ያለው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ከባክቴሪያም ከእርሾ ዘርም ሊሆን ይችላል። ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም እንደ አንድ ነገር ሲቆጥር ነው። «ክኒን ውሰድ» ቢባሉ የምን ክኒን ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ እዚህም የትኛው ተሕዋስ፣ ለየትኛው ሕመም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአንዱ ሕመም የተሞከረው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ጥቅሙ በደንብ የታየው አንቲባዮቲክ ሲወሰድ የሚመጣውን ተቅማጥ በመከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በልጆች ላይ የተደረጉ 33 ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር። ከአንቲባዮቲኩ ጋር ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት ከ100 ልጆች 8 ያህሉን ተቅማጥ ሲይዛቸው፣ ካልወሰዱት ግን ከ100 19 ያህሉን ይዟቸዋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩን ከወዲያ በኩልም እንየው፤ ካልወሰዱትም ከ100 81ዱ ምንም አልሆኑም። ስለዚህ አንቲባዮቲክ በታዘዘ ቁጥር ብልቃጥ መግዛት ግድ አይደለም። ከዚህ በፊት አንቲባዮቲክ በወሰደ ቁጥር ሆዱ የሚላላ ሰው ግን ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም። ለዚህ በብዛት የተጠኑት ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ እና ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ ናቸው። ሁለተኛው የእርሾ ዘር ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም፤ የፈንገስ መድኃኒት ግን ይገድለዋል። ባክቴሪያ የሆነውን ከአንቲባዮቲኩ ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቆ መውሰድ ይሻላል።

ልጅ ተቅማጥና ትውከት ከያዘው በኋላ መስጠቱስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካና በካናዳ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ውጤት ታትሟል። በእያንዳንዳቸው ከ800 በላይ ሕፃናት ተካተዋል። ፕሮባዮቲክ የወሰዱትና ያልወሰዱት ልጆች ልዩነት አላሳዩም። እናት በእጇ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኦ አር ኤስ እና ዚንክ ትግዛበት። ዚንኩ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም ሆኖ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ጡትም አይከልከል። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ወደ ጨጓራው ልመለስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነውና። አገራችን ውስጥ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በጣም የተስፋፋ ነው። ፕሮባዮቲክ ብቻውን አያጠፋውም። ሐኪም ካዘዘው የኤች ፓይሎሪ ሕክምና ጋር ሲወሰድ ማቅለሽለሹንና ተቅማጡን ሊያቀል ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ ግን አይጣልበት። እኔን የሚያሳስበኝ ዋጋው ብቻ አይደለም። አንዱ ብልቃጥ እስኪያልቅ አንድ ወር፣ «ሌላ ዓይነት ልሞክር» ሲባል ሌላ ወር እያለ ጊዜው ይሄዳል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም የተቀላቀለበት፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ ምግብ ለመዋጥ የተቸገረ፣ ደም አንሶሃል የተባለ፣ ወይም ዕድሜው ከገፋ በኋላ አዲስ የሆድ ሕመም የጀመረው ሰው የብልቃጡን ገንዘብ ለካርድና ለምርመራ ያውለው።

ለመግዛት ከወሰኑ መነጽርዎን ያድርጉና ጽሑፉን ያንብቡ። የተሕዋሱ ስም ሙሉ መሆን አለበት፤ «ላክቶባሲለስ» ብቻ ማለት የሰውን ስም ትቶ የአያቱን ብቻ እንደመጥራት ነው። መጠኑ «ሲ ኤፍ ዩ» ተብሎ በቢሊዮን ይጻፋል። ቁጥሩ ሲመረት የነበረው ነው ወይስ እስከ ማብቂያ ቀኑ የሚቆየው? ልዩነት አለው፤ ተሕዋሱ እያደር ይሞታልና። የማስቀመጫውን ሙቀትም ይመልከቱ። ብዙዎቹ ከ25 ዲግሪ በታች፣ አንዳንዶቹ ፍሪጅ ውስጥ ይላሉ። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የከረመ ብልቃጥ የሞተ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል።

ለሁሉም ሰው ደህና ነው የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ ወይም በትልቅ የደም ሥር ቱቦ የገባለት ሰው ከሐኪሙ ፈቃድ ውጭ አይውሰድ። ተሕዋሱ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ካለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃንም በራስ ውሳኔ መስጠት አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

«እርጎ አይበቃም ወይ?» የሚሉም አሉ። እርጎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎችም አሉበት። የየትኛው ዓይነት ምን ያህል እንዳለ ስለማይታወቅ ግን መድኃኒት ብዬ አላዝዘውም። ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ብሩሴላና የከብት ቲቢ ሊያመጣ ይችላል። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከቀድሞው ንጹሕ እርጎ በማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ይቻላል። እንጀራው ግን ቢቦካም ምጣድ ላይ ሲጋገር ባክቴሪያው ያልቅለታል።

ተመርምሮ ምንም አልተገኘብህም የተባለ፣ ሆዱ ግን የሚነፋውና የሚቆርጠው ሰው ልሞክረው ቢል አልከለክልም፤ አንዳንዱን ይረዳዋል። አንድ ዓይነት ብቻ ይምረጥና የጀመረበትን ቀን ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። በ12 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላየ ያቁመው።