"ፊልድ" ሲባል ምን ማለት ነው?

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሄድ ባለጉዳይ አዘውትሮ ከሚሰማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ "ፊልድ" ነው። "ኃላፊው ፊልድ ናቸው" ሲባል ለሥራ ከከተማ ወጥተዋል ማለት መሆኑን እንግሊዝኛ ያልተማረው አርሶ አደር ጭምር ይረዳል።

ቃሉ በእንግሊዝኛ በቅድሚያ ሜዳን፣ የእርሻ ማሳንና የግጦሽ መሬትን ያመለክታል። ከዚህ በመነሳትም የኳስ ሜዳን፣ የጦር አውድማንና የሙያ ዘርፍን ለመግለጽ ያገለግላል። ከቢሮ ወይም ከቤተ ሙከራ ውጭ በሥፍራው ተገኝቶ የሚከናወን ተግባር "ፊልድ ወርክ" ይባላል። በአገራችን የተለመደው "ፊልድ" የዚሁ ሐረግ አጭር መልክ ነው።

ይሁንና በእንግሊዝኛው ቃሉ የሚያመለክተው ሥራውን እንጂ ጉዞውን አይደለም። ለስብሰባ ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ "ፊልድ" ላይ ነው አይባልም፤ በቢሮ አማርኛ ግን ይባላል።

አማርኛም ለዚህ ቃል አላጣም። "መስክ" ሣር የለበሰ ሜዳ ማለት ሲሆን፣ "የጤናው መስክ" እና "የመስክ ሥራ" በሚሉት አነጋገሮች የእንግሊዝኛውን ትርጉሞች አሟልቶ ይይዛል።

በደቡብ ጎንደር የመስክ ሥራ አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ዞኑ ከጣና ሐይቅ አጠገብ ካለው የፎገራ ሜዳ አንስቶ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው የጉና ተራራ ይዘልቃል። የፎገራ ሩዝም ሆነ የጉና ተዳፋት እርከን በሪፖርት ብቻ ሊታወቅ አይችልም።

በሌላ በኩል ቃሉ ከውሎ አበል ጋር በመተሳሰሩ "ፊልድ ያለው የሥራ መደብ" የሚለው አነጋገር ከተግባሩ ይልቅ ገቢውን የሚያስታውስ ሆኗል። የጉዞው ፋይዳ ግን የሚለካው በወጣው አበል ሳይሆን በሥፍራው በታየውና በተስተካከለው ጉዳይ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ባለጉዳዩ ነው። ከነፋስ መውጫ ወይም ከስማዳ ተሳፍሮ ደብረ ታቦር የደረሰ ሰው "ፊልድ ናቸው" ሲባል ኃላፊው መቼ እንደሚመለሱ፣ በእሳቸው ምትክ ማን እንደሚፈርም አያውቅም። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪውን ደግሞ የሚተካለት አበል የለም።

በመሆኑም "ለመስክ ሥራ ወጥተዋል፣ ሐሙስ ይገባሉ፣ እስከዚያው ተወካያቸው ያስተናግዱዎታል" የሚል ሙሉ መልስ መስጠት ተገቢ ነው። ይህም ከቋንቋ ጥራት ባሻገር ባለጉዳዩን ከሁለተኛ ጉዞ የሚያድን አገልግሎት ነው።