ፍሪሲዮን የሌለው መኪና በወላይታ ዳገት

ጊፋታና መስቀል ሲቃረቡ፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና፥ ከዚያም በአረካ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያደርሰው መንገድ በቤተ ሰብ መኪና ይሞላል። ከ300 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚህ ጉዞ አባትና እናት ከፊት፥ ልጆችና አያት ከኋላ ተቀምጠው፥ ለዘመድ የተያዘውም ስጦታ በየጥጉ ተሸጉጦ፥ ትንሿ መኪና ከነሸክሟ ዳገቱን ስትያያዘው እናያለን። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ዛሬ ፍሪሲዮን የሌላቸው፥ ማርሻቸውን ራሳቸው የሚለውጡ ናቸው። ለመንዳት ቀላል ስለ መሆናቸው ብዙ ይነገራል፤ ስለ አያያዛቸው የሚነገረው ግን ጥቂት ነውና፥ በዚህ ወር ይህንኑ ጉዳይ ለቤተ ሰብ አንባብያን ለማቅረብ ወደድን።

ነገሩ ቀድሞም ቢሆን ቸል የሚባል አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን፥ በእጅ ያለችው የነዳጅ መኪና እንደ ድሮው የምትተካ አይደለችም። ሞተር ቢደክም የሚያድሰው መካኒክ በየከተማው አይጠፋም። ኦቶማቲክ ካምቢዮ፥ ይልቁንም ሲቪቲ የሚባለው፥ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉው ወርዶ በሌላ ይተካል። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ድረስ ተሂዶ የሚገኘውም ከሌላ መኪና የተፈታ ከሆነ፥ ስንት ዘመን እንደ ሠራ የሚያውቅ የለም። ለልጆች ትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ በዚህ ሊያልቅ ይችላል።

ኦቶማቲክ ከሚባለው ካምቢዮ በብዛት የሚታየው ሁለት ዓይነት ነው። የቆየው ዓይነት ጥርሶችና በዘይት ግፊት የሚያዙና የሚለቀቁ ትንንሽ ፍሪሲዮኖች አሉት። ሲቪቲ ግን በየደረጃው የሚለዋወጥ ጥርስ የለውም፤ ሁለት ፑሊዎች እየሰፉና እየጠበቡ በመካከላቸው ያለውን ቺንጋ ይነዱታል። ይህን ዓይነት ማርሽ ሁብ ቫን ዶርነ የተባለው ሆላንዳዊ በ1958 እ.ኤ.አ. በዳፍ መኪና ላይ ሲያወጣው ቺንጋው ጎማ ነበረ፤ ዛሬ በአብዛኛው ብረት ነው። ብረት ብረትን ሳያንሸራትት የሚይዘው በዘይቱ ግፊትና ጠባይ ነው። ግፊቱ ወይም ጠባዩ ከጎደለ ቺንጋው ተንሸራቶ ፑሊውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀ ፑሊ ደግሞ መድኀኒት የለውም። በሁለቱም ዓይነት ዘይቱ ያለሰልሳል፥ ያቀዘቅዛል፥ ኀይልንም ያስተላልፋል።

የዘይቱ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከሚገባው በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል ይባላል። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዓባያ ሐይቅ ቆላ በሁምቦ በኩል ተጭኖ የሚወጣ መኪና ካምቢዮውን የሚያሞቀው ከከተማ ጉዞ አብልጦ ነው። ስለዚህ «ይህ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፥ አይለወጥም» የሚለውን ቃል ለዚህ አገር መንገድ አንቀበለውም። እንደ እኛ አስተያየት ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መለወጥ ይበጃል። ዘይቱ ሲቀዳ ከግማሽ የሚበልጠው ውስጥ ይቀራልና፥ ለብዙ ዘመን ያልተለወጠ ከሆነ ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ቢቀዳ መልካም ነው። ራዲያተሩም አይዘንጋ፤ በብዙ መኪና የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በእርሱ ውስጥ ስለሆነ፥ ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ሲበላው ውኃና ዘይት ተቀላቅለው ሻይ በወተት ይመስላሉ።

የዘይቱን ዓይነት በግምት መምረጥ ትልቅ ጥፋት ያመጣል። በየመንገዱ የምናያት ቪትዝ ምሳሌ ትሁነን። በ1999 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከመጀመሪያው ዓይነት ብዙዎቹ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ናቸው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተሠሩት ብዙዎቹ ግን ሲቪቲ ናቸው። ስማቸው አንድ፥ ዘይታቸው ሁለት ነው። ለኦቶማቲክ የተሠራው ዘይት በሲቪቲ ውስጥ ቢገባ ቺንጋውን አይጠብቅም። መመሪያው በጃፓንኛ የተጻፈ ስለሆነ ማንበብ ቢያስቸግርም፥ በቶዮታ መኪና ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ የካምቢዮውን ምልክት ይናገራል፤ ምልክቱ «ኬ» በሚባለው የላቲን ፊደል ከጀመረ ሲቪቲ፥ በ«ዩ» ከጀመረ ባለ ጥርሱ ኦቶማቲክ ነው። ይህን በወረቀት ጽፎ ዘይቱ ከተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር ጋር በመኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። መኪናችንን ካህን ባርኮ ጠበል ሲረጭልን ደስ ይለናል፤ የዘይቱን ጉዳይ ግን ለእኛው ትቶልናል።

ስለ አነዳድም ጥቂት እንበል። ዳገት ላይ ቆሞ መጠበቅ ሲያስፈልግ መኪናውን በፍሬን እንጂ በነዳጅ አንያዝ። ወደ ኋላ ከመሄድ በፊት ፈጽሞ ይቁም። ተዳፋት ላይ ሲቆም አስቀድሞ የእጅ ፍሬን ይሳብ፥ ቀጥሎ ወደ «ፒ» ይግባ፤ አለዚያ የመኪናው ክብደት ሁሉ በአንዲት ትንሽ ብረት ላይ ያርፋል። ቁልቁለት ሲወርዱ ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው «ኤን» ላይ የሚያደርጉ አሉ። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፤ «ኤን» ላይ ግን እንዳይጠፋ ሲል ይረጫል። ስለዚህ የሚቆጠብ ነገር የለም፥ ፍሬኑም ብቻውን ቀርቶ ይግላል። በረጅም ቁልቁለት «ኤል» ወይም «ቢ» የሚለው ይያዝ።

ሞተሩ ይጮኽ ጀምሮ መኪናው ካልፈጠነ፥ «ዲ» ሲባል ዘግይቶ ከነቃ፥ ወይም ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሚያውቅ መካኒክ መውሰድ ነው።

መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ፥ በአይሱዙ ላይ በገመድ አስሮ መጎተት በአገራችን የተለመደ ርዳታ ነው። ለእጅ ማርሽ ይስማማል። በኦቶማቲክና በሲቪቲ ግን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተር ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲሽከረከር ካምቢዮው ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይዞራል። አንዳንዱ መመሪያ ለአጭር ርቀት በዝግታ ይፈቅዳል፤ ከሁምቦ እስከ ሶዶ ያለው ዳገት ግን አጭር ርቀት አይባልም። ስለዚህ ኀይል የሚያገኙት ጎማዎች፥ በአብዛኛው ትንንሽ መኪና የፊተኞቹ፥ ከመሬት ተነሥተው ይጎተት፥ ወይም መኪናው በጭነት መኪና ላይ ይጫን። ሊረዳን የቆመውንም ሹፌር ስለ ገመዱ እናመሰግነውና፥ ከመታሰሩ በፊት መኪናው ኦቶማቲክ መሆኑን እንንገረው።