ፋይሉ ይገለበጣል፣ ፕሮግራሙ ይጫናል

ከአሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ሲዛወሩ ፎቶውም ዘፈኑም በፍላሽ ተገልብጦ ያለችግር ይከፈታል። ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም። በዊንዶውስ ላይ ሲጫን የራሱን ፎልደር ብቻ አይዝም፤ አንዳንድ ፋይሎቹን በሲስተሙ ፎልደሮች ያስቀምጣል፣ ቅንብሮቹንም ሬጂስትሪ በተባለው የመረጃ ቋት ያስመዘግባል። ስለዚህ ፎልደሩን መገልበጥ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም፤ እንደገና መጫን ያስፈልጋል።

ፍላሹም ገደብ አለው። ፎርማቱ ፋት 32 ከሆነ፣ ባዶ ቦታ ቢተርፈውም እንኳ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት የተባለው ፎርማት ይህ ችግር የለበትም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው የቆየ የአማርኛ ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ መስፈርት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ በኋላም ለዓመታት፣ ብዙ ቢሮዎች ይጽፉ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝ ቅርጾችን በተኩ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል። የሚያሳዝነው፣ ተበላሽቷል ተብሎ የሚሰረዝበት ጊዜ አለ። ጽሑፉ ግን አልጠፋም፤ ፎንቱ ሲጫን ይነበባል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ታዲያ በዊንዶውስ የፎንትስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የፎንቱን ፋይል ከሰነዶቹ ጋር መገልበጥ ግድ ነው።