ሞተር ብስክሌትና የወንዝ ውሃ

ሞተር ብስክሌት እንደ ሰው አየር ይስባል። አየሩ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ባለው ማጣሪያ በኩል ነው። አየር ሲጫኑት ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑን የያዘው ብረት ሊጣመም ይችላል።

ወንዝ ከመሻገር በፊት በዱላ ጥልቀቱን መለካት ይገባል። ውሃው ማጣሪያው ጋ የሚደርስ ከሆነ ሌላ መሻገሪያ መፈለግ ወይም እስኪጎድል መጠበቅ ነው።

ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ቢጠፋስ? ለማስነሳት አትርገጡት። ቁልፉን ዝጉና ካንዴላውን ፍቱ። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ስትረግጡት ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ማጣሪያውን አድርቁ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ይለወጥ።

ክትባት የሚያደርስ የጤና ሠራተኛ ግማሽ ቀን ቢዘገይ ይደርሳል፤ ሞተሩ ከተሰበረ ግን ሕፃናቱ ሳይከተቡ ይቀራሉ።