የቆየ የጀልባ ሞተርን የኤሌክትሪክ ብልሽት በሥርዓት ስለ መፈለግ



የዛሬው ገለጻዬ ከጀልባ ኋላ ስለሚገጠም፣ ዕድሜው ስለገፋ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። በጣና ሐይቅ ወደ ገዳማት መንገደኛ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ከኋላ በሚገጠም ሞተር ይሄዳሉ። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲበረታ ሞተር ቢጠፋ፣ ለአደጋ የሚጋለጠው የተሳፋሪው ሕይወት ነው። ስለሆነም «የትኛውን ዕቃ እንለውጥ?» ከማለታችን በፊት «ጉድለቱ በየትኛው ሰርኪዩት ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በብዙዎቹ የቆዩ ሞተሮች ሁለት ሰርኪዩቶች አሉ። አንደኛው ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ፣ በቁልፍና በሪሌ በኩል ሞተሪኖውን ያዞራል። ሁለተኛው ብልጭታ የሚሰጠው ነው፤ ይህ ከባትሪ ምንም አይወስድም። በሚሽከረከረው ጎማ ላይ ያሉት ማግኔቶች በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲያልፉ ኃይል ይመነጫል፤ ሲዲአዩ ያጠራቅመዋል፤ በትክክለኛው ቅጽበትም ወደ ቦቢናና ወደ ካንዴላ ይለቀዋል። ባትሪው የሞተ ሞተር በገመድ ተስቦ የሚነሣው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ደካማ ባትሪ ሞተሩን በዝግታ ካዞረው፣ ማግኔቶው በቂ ቮልቴጅ ስለማያመነጭ ብልጭታው ይጠፋል። እንግዲህ ብልጭታ የለም ከማለት በፊት የአዟዟሩን ፍጥነት ማረጋገጥ ያሻል።

ሞተሪኖው የማይዞር ከሆነ፣ ማርሹ መለቀቁን ካረጋገጥን በኋላ፣ ቮልቴጁን ቁልፉ ተይዞ ሳለ እንለካ። ሙሉ ባትሪ በዕረፍት 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ለምሳሌ ቁልፉ ሲዞር በባትሪው ጫፎች 11.2፣ በሞተሪኖው ላይ ግን 8.7 ቮልት ብናገኝ፣ 2.5 ቮልት በመንገድ ቀርቷል። ፍሰቱ 100 አምፔር ከሆነ፣ የመስመሩ ተቃውሞ 0.025 ኦም ብቻ ነው። ተራ ቴስተር ይህን ከዜሮ አይለየውም፤ ነገር ግን 250 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ የዛገ ማያያዣ በኦም ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ይከዳል። የማሳውም ወገን እንደዚሁ መለካት አለበት።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ብልጭታ ከሌለ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የማጥፊያው መስመር ነው። በእነዚህ ሞተሮች ማጥፊያው የሚሠራው ሲዲአዩን ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው። የሽቦው ሽፋን ከተላጠና ብረት ከነካ፣ ሞተሩ ዘወትር «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። የማጥፊያውን ሽቦ ለጊዜው ስንነቅል ብልጭታው ከተመለሰ፣ ሲዲአይ መግዛት አያስፈልግም። ጥንቃቄ ግን ይደረግ፦ ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፤ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው ገመድም አይሠራም። ስለዚህ ምርመራው ጀልባው ታስሮ፣ ከቤንዚን ተን ርቆ ይካሄድ፤ ሽቦውም ወደ ቦታው ሳይመለስ ጉዞ አይጀመር።

አስቸጋሪው ጉድለት ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚታየው ነው። የጥቅል ሽቦው ሽፋን ሲያረጅ፣ በሙቀት የተስፋፋው ሽቦ ይለያያል ወይም ይነካካል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሞተር ጠዋት በቀዝቃዛነቱ ለክቶ «ደኅና ነው» ማለት አያዋጣም፤ በጠፋበት ቅጽበት፣ ሙቀቱ ሳይወጣ መለካት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለካችሁትንም ጻፉ። ሁለት ዕቃ አብሮ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢነሣለት እንኳ ምክንያቱን አያውቅም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ደግሞ መሀል ሐይቅ ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።