ከባድ ብረት የሚስቡ አገር በቀል ዕፅዋት፦ ጎመን ዘርና ፊላ



ማሳዎን የሚያጠጡት ከፋብሪካ ወይም ከከተማ በታች ከሚያልፍ ወንዝ ከሆነ ይህ ትምህርት በቀጥታ ይመለከትዎታል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ፍሳሽም በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ዳር አትክልት በመስኖ ይለማል።

ከባድ ብረቶች ምንድን ናቸው?

በተበከለ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኙት እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ናቸው። ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካ፣ እርሳስ ደግሞ ካረጀ የመኪና ባትሪ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ብረቶች በጊዜ ብዛት አይበሰብሱም፤ አፈር ውስጥ ይከማቻሉ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ፣ ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል። ሰብሉ ለምልሞ ስለታየ ብቻ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ዕፅዋቱ እንዴት ይስባሉ?

ጎመን ዘር፦ መነሻው የአገራችን ደጋማ ምድር ነው። በሥሩ ከውኃና ከምግብ ጋር ካድሚየምንና ዚንክን ስቦ ወደ ቅጠሉ ያወጣል። በዚህ ባሕርዩ አፈር ለማጽዳት ይታሰባል። ሆኖም አንድ ምርት የሚያወጣው ጥቂት ስለሆነ ማሳን ማጽዳት ብዙ ዓመታት ይፈጃል።

ፊላ፦ በረግረግና በቦይ ዳር ይበቅላል። የውኃውን ፍጥነት ቀንሶ ደለሉን ያስቀራል፤ የሚስበውን ብረትም አብዛኛውን በሥሩ ይይዛል። ስለዚህ ውኃው ማሳ ሳይደርስ ለማጣራት ይጠቅማል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ

ተክሉ ብረቱን አያጠፋውም፤ ከአፈር ወደ ራሱ ያዛውረዋል። አፈር የሚያጸዳው ጎመንና ለምሳ የሚቀርበው ጎመን አንድ ዓይነት ተክል ነው። ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት በመታጠብም ሆነ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይወጣም። መታጠብ የሚያስወግደው ቅጠሉ ላይ ያረፈውን አፈርና አቧራ ብቻ ነው።

ምን ያድርጉ?

1. አፈርዎን ያስመርምሩ። ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታዎች፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስደው ይቀላቅሉና ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ያስረክቡ። ምርመራው ለከባድ ብረት መሆኑን ይንገሩት።
2. ውጤቱ እስኪታወቅ በተጠረጠረው ማሳ ላይ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ አይትከሉ። ቅጠላ ቅጠሎች ፍሬያቸው ከሚበላ ሰብሎች የበለጠ ብረት ያከማቻሉ።
3. ውኃ በሚገባበት ቦይ ዳር ፊላ ይትከሉ። የተጠራቀመውን ደለል ሲጠርጉ ወደ ማሳ አይመልሱት።
4. አፈሩ አሲዳማ ከሆነ በባለሙያ ምክር መሠረት ኖራ ይጨምሩ። አሲዱ ሲቀንስ ሰብሉ የሚስበው ካድሚየም ይቀንሳል።
5. ለማጽጃ የተተከለውን ጎመን ወይም ፊላ ለከብት አይስጡ፣ ለኮምፖስት አይጠቀሙ፣ ለማገዶ አያንድዱ። ሲቃጠል ብረቱ አመዱ ውስጥ ይቀራል፣ በጭሱም ይወጣል። የሚወገድበትን ቦታ ከባለሙያው ጋር ይወስኑ።
6. መሬቱ መበከሉ ከተረጋገጠ ለምግብና ለመኖ የማይውል ተክል፣ ለምሳሌ ለግንባታ የሚሆን ባሕር ዛፍ፣ ያስቡ።

ጎረቤትዎ የእርስዎን ማሳ አይቶ ይዘራል። ስለዚህ ይህን ትምህርት በመጀመሪያ ከእርስዎ ጋር ከአንድ ቦይ ለሚያጠጡት የልማት ቡድን አባላት ያካፍሉ፤ የአፈር ናሙናውንም አብራችሁ ውሰዱ።